መዝገቡን ማን ይንካ? የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች የተለያዩበት ምክንያት

ጆን ባከስ በ1977 የቱሪንግን ሽልማት ሲቀበል ያደረገው ንግግር ከተሸላሚ የሚጠበቅ ዓይነት አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሽልማቱ በኮምፒውተር ሳይንስ ዘርፍ ከሚሰጡት ሁሉ ትልቁ ነው። ባከስን ለዚህ ካበቁት ሥራዎች ዋነኛው እሱና ባልደረቦቹ አይቢኤም ውስጥ ሠርተው በ1957 ያወጡት ፎርትራን የተባለው ቋንቋ ነበር። ሰውየው ግን የዚያን ቀን የገዛ ሥራውን አላወደሰም። የተለመዱት ቋንቋዎች በየጊዜው እየገዘፉ እንጂ እየበረቱ እንዳልሄዱ፣ ሁሉም አንድ የጋራ በሽታ እንዳለባቸው፣ በሽታውንም የወረሱት ከኮምፒውተሩ አሠራር እንደሆነ ተናገረ።

በሽታውን ለመረዳት ኮምፒውተር ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ይበቃል። ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ ጭምር የሚሠራበት ንድፍ በጆን ፎን ኖይማን ስም ይጠራል፤ እሱ በ1945 በጻፈው ሪፖርት ተገልጿልና። በአንድ ወገን ቁጥር የሚቀመጥባቸው እጅግ ብዙ ሳጥኖች አሉ፤ ይህ ሚሞሪ ነው። በሌላ ወገን የሚያሰላው ክፍል፣ ፕሮሰሰሩ አለ። የማሽኑ ሥራ ከሳጥን ቁጥር ማምጣት፣ ማስላትና ውጤቱን ወደ ሳጥን መልሶ መጻፍ ነው። መልሶ ሲጽፍ ቀድሞ የነበረው ይጠፋል። ፎርትራን ይህን አሠራር ሰው በሚገባው የሒሳብ አጻጻፍ አለበሰው እንጂ አልለወጠውም። ቫሪያብል የሚባለው ያው ሳጥኑ ነው፤ ለቫሪያብል ዋጋ መስጠትም የነበረውን አጥፍቶ አዲስ መጻፍ ነው።

ፎርትራንን ማቃለል ግን ግፍ ይሆናል። ከእሱ በፊት ፕሮግራም ጸሐፊ እያንዳንዷን ጥቃቅን እርምጃ በማሽኑ ቋንቋ ይዘረዝር ነበር። ኮምፓይለር፣ ማለትም የሰውን አጻጻፍ ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚተረጉም ፕሮግራም፣ ባለሙያ በእጁ የሚጽፈውን ያህል ፈጣን ትእዛዝ ያወጣል ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበር። የባከስ ቡድን አይቢኤም 704 በተባለው ማሽን ላይ ይህንን አሳየ። በአየር ጠባይ ትንበያና በፊዚክስ ስሌት ፎርትራን ዛሬም ሥራ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለመጣው የቋንቋ ክርክር አብዛኛው ሥሩ ይህ ሳጥን ነው። ፕሮግራሚንግ ፓራዳይም የሚባሉት የአስተሳሰብ ስልቶች በመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ተዘርዝረው ይቀርባሉ፤ ተማሪውም ስማቸውን ሸምድዶ ፈተና ላይ ይጽፋል። እኔ ግን ሁሉንም የሚያስተሳስር አንድ ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ፦ ፕሮግራሙ የያዘውን መረጃ የመቀየር መብት የማን ነው? መቼስ ይቀየራል? ይህን ጥያቄ የያዘ ሰው የስልቶቹን ስም ቢረሳ እንኳ አዲስ ቋንቋ ሲያጋጥመው ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

ለምሳሌ ሃያ አባላት ያሉት፣ እያንዳንዱ በሳምንት 500 ብር የሚጥልበት ዕቁብ እንውሰድ። የሳምንቱን ድምር የሚያወጣ ፕሮግራም በፎርትራን ወይም ሲ በተባለው ቋንቋ መንገድ ሲጻፍ እንዲህ ይሄዳል፦ «ድምር» የሚባል ሳጥን ክፈት፤ ዜሮ ጻፍበት፤ ከመጀመሪያው አባል ጀምር፤ ከፍሎ ከሆነ ድምሩ ላይ 500 ጨምር፤ ወደሚቀጥለው አባል እለፍ፤ አባላቱ ሲያልቁ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አሳይ። ሁሉም ከከፈሉ 10,000 ይላል። ይህ ኢምፐራቲቭ የሚሉት የትእዛዝ ስልት ነው። ለማሽኑ ይቀርበዋል፣ ለጀማሪም ቶሎ ይገባል።

አሁን ሁለት አባላት በአንድ ቅጽበት በስልካቸው ከፈሉ እንበል። ሳጥኑ ውስጥ 4,000 አለ። የመጀመሪያውን ክፍያ የሚያስተናግደው የፕሮግራሙ ክፍል 4,000 አነበበ፤ የሁለተኛውንም የሚያስተናግደው 4,000 አነበበ። ሁለቱም 500 ጨመሩና 4,500 ብለው ጻፉ። 5,000 መሆን የነበረበት 4,500 ሆኖ ቀረ። ፕሮግራሙ አልቆመም፣ የስህተት መልእክትም አላሳየም፤ 500 ብሩ ግን የለም። እንዲህ ያለው ስህተት የሚከሰተው ሁለቱ ክፍያዎች በጣም ሲገጣጠሙ ብቻ ስለሆነ፣ ፕሮግራመሩ ሊፈትሽ ሲቀመጥ አይታይም፤ ሰው ሲበዛና ሥራው ሲጋጋል ግን ይመለሳል። ባንክ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የቴሌኮም ሒሳብ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎችን እንቅልፍ የሚነሳው አንዱ ነገር ይህ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ማሻሻያ ግን ሳጥኑን አልነካም። የነካው የትእዛዙን አካሄድ ነው። በቀደሙት ቋንቋዎች ከፕሮግራሙ አንድ ቦታ ወደ ሌላው የሚያዘልል ጎቱ የሚባል ትእዛዝ ነበር። ፕሮግራሙ ሲረዝም ዝላዩ ይወሳሰባል፤ አንድ መስመር ላይ የቆመ አንባቢ ከየት ወደዚህ እንደተመጣ ማወቅ ይሳነዋል። ሁለት ጣሊያናውያን፣ ኮራዶ ቦምና ጁዜፔ ያኮፒኒ፣ በ1966 ባሳተሙት ጥናት ቅደም ተከተል፣ ምርጫና ድግግሞሽ ብቻ ይዞ ማንኛውንም ስሌት መጻፍ እንደሚቻል አረጋገጡ። የኔዘርላንዱ ኤድስኸር ዳይክስትራ ደግሞ በ1968 ጎቱን የሚያወግዝ አጭር ደብዳቤ ጻፈ። ዝነኛ የሆነውን የደብዳቤውን ርዕስ የሰጠው እሱ ራሱ ሳይሆን የመጽሔቱ አርታኢ የነበረው ኒክላውስ ቪርት ነው።

ከዚህ የሚገኘው የንድፍ ትምህርት ከጎቱ በጣም ይሰፋል። ቋንቋ የሚበረታው በሚሰጠው ብቻ አይደለም፤ በሚከለክለውም ነው። ጎቱ ሲከለከል ጸሐፊው አንድ መሣሪያ አጣ፤ አንባቢው ግን ኮዱ ከላይ ወደ ታች እንደሚነበብ ዋስትና አገኘ። ጃቫ እስከ ዛሬ ጎቱ የሚለውን ቃል ለራሱ አስቀምጦታል፤ ማንም እንዲጠቀምበት ግን አይፈቅድም። እያንዳንዱ ስልት አንድ ነገር ይነጥቃል፣ በምትኩ አንድ ነገር ያስተማምናል፤ የቋንቋ ነዳፊው ዋና ሥራም ይህን ልውውጥ መመዘን ነው።

ሁለተኛው መልስ ከኦስሎ መጣ። በኖርዌይ የኮምፒውተር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ክሪስተን ኒጎርና ኦሌ-ዮሃን ዳል የሚፈልጉት የገሃዱን ዓለም እንቅስቃሴ፣ ወረፋውን፣ ማሽኑን፣ ተገልጋዩን፣ በኮምፒውተር አስመስሎ ማጥናት ነበር። ለዚህ የሠሩት ሲሙላ 67 የተባለው ቋንቋ መረጃውንና መረጃው ላይ የሚሠራውን ሥራ አንድ ላይ አሰረ። ኦብጀክት የምንለው ይህ ጥቅል ነው። በዕቁባችን ቋንቋ፣ መዝገቡ ለዕቁቡ ጸሐፊ ተሰጠ ማለት ነው። ሌላው የፕሮግራሙ ክፍል መዝገቡን ገልጦ መጻፍ የለበትም፤ ጸሐፊውን «የእገሌን ክፍያ መዝግብ» ወይም «ድምሩ ስንት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። ጸሐፊው መዝገቡን በምን መልክ እንደሚይዝ የሌላው ጉዳይ አይደለም፤ ነገ አያያዙን ቢለውጥ የሚጠይቁት ሰዎች አይቸገሩም።

ካሊፎርኒያ፣ ዜሮክስ ፓርክ በሚባለው የምርምር ማዕከል፣ አለን ኬይ፣ ዳን ኢንጋልስ፣ አዴል ጎልድበርግና ጓደኞቻቸው በ1970ዎቹ ሐሳቡን ወስደው ስሞልቶክን ሠሩ። ባዮሎጂ የተማረው ኬይ ኦብጀክቶችን መልእክት እንደሚለዋወጡ ሕያዋን ሕዋሳት ያያቸው ነበር፤ ለእሱ ዋናው ነገር መልእክቱ ነበር። ቢያርን ስትሮውስትሩፕ በ1979 የጀመረው፣ በኋላ ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለው ቋንቋና በ1995 የወጣው ጃቫ ስልቱን ወደ ኢንዱስትሪው አስገቡት። የተስፋፋው ግን የኬይ መልእክት ሳይሆን የዘር ሐረግ አሠራሩ ነው፦ አንዱ ክላስ (ኦብጀክት የሚሠራበት ንድፍ) ከሌላው ይወርሳል፣ ያኛውም ከሌላ። ሐረጉ ሲረዝም ከላይ የተነካች አንዲት ነገር ታች ያለውን ሁሉ ታናጋለች። በኔ እይታ የኦብጀክት ስልት ትልቁ ሀብት መዝገቡን መከለሉ ነው፤ ውርስን በቁጠባ መጠቀም ይሻላል።

ደግሞስ ጸሐፊው መዝገቡን መደለዙን መቼ ተወ? ድምሩ አሁንም ይጠፋል፣ እንደገና ይጻፋል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢጠይቁት ያው የ500 ብር ችግር ይመለሳል። የሚደልዘው አንድ ሰው ብቻ ሆነ እንጂ ድለዛው አልቀረም።

ሦስተኛው መልስ ይመጣና «ማንም አይቀይርም» ይላል። ሥሩ ከኮምፒውተር በፊት ነው። አሎንዞ ቸርች በ1930ዎቹ ፕሪንስተን ሆኖ ላምዳ ካልኩለስ የሚባል ሥርዓት ነደፈ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሳጥን የለም፤ ያለው ፈንክሽን ብቻ ነው፤ ግብዓት ይገባል፣ ውጤት ይወጣል። ጆን ማካርቲ ኤምአይቲ ውስጥ ከ1958 ጀምሮ ሊስፕን ሲነድፍ ከዚህ ሥርዓት አጻጻፍ ተዋሰ። ማካርቲ በሊስፕ የተጻፈን ማናቸውንም አገላለጽ የሚያሰላ አንድ ፈንክሽን ወረቀት ላይ ጻፈ፤ ያሰበው ለንድፈ ሐሳብ ማስረጃነት ነበር። ስቲቭ ራስል የተባለው ባልደረባው ግን «ይህን እኮ በማሽን ላይ ልሠራው እችላለሁ» አለ። ማካርቲ ንድፈ ሐሳብን ከተግባር አታምታታ ብሎ መለሰለት። ራስል አልተበገረም፤ ፈንክሽኑን በእጁ ወደ አይቢኤም 704 ትእዛዝ ገለበጠው፤ ሊስፕም በድንገት የሚሠራ ቋንቋ ሆነ። በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ ይህን የሚያህል የምወደው ክስተት የለም፤ ለማሰብ የተሠራ ነገር ለመሥራት በቃ።

ሊስፕ ራሱ ሳጥን መቀየርን አልከለከለም። በ1990 የመጀመሪያው እትም የወጣው ሃስኬል ግን እስከ ጥግ ሄደ። በዚህ ስልት የዕቁቡ ጸሐፊ ምንም አይደልዝም። ክፍያ ሲመጣ ከአሮጌው ገጽና ከአዲሱ ክፍያ አዲስ ገጽ ይወጣል፤ አሮጌው እንዳለ ይቀመጣል። ድምሩም የክፍያዎቹ ድምር ነው፤ ቅድም 4,000፣ አሁን 4,500 የሚሆን ሳጥን የለም። ስለዚህ አንድ ፈንክሽን ዛሬም ነገም ለተመሳሳይ ግብዓት ተመሳሳይ መልስ ይሰጣል፤ መፈተሽ ይቀላል፣ ሥራውን ለብዙ ፕሮሰሰር ማከፋፈልም አያሰጋም። ዋጋ አያስከፍልም ማለት አይደለም። ገንዘብ መላክ፣ ስክሪን ላይ ማሳየት፣ ፋይል መጻፍ ሁሉ ዓለምን መቀየር ነው፤ ዓለምን የማይቀይር ፕሮግራም ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። ሃስኬል እነዚህን ሥራዎች ከንጹሑ ስሌት ለይቶ ያስቀምጣቸዋል፤ ጀማሪን የሚያደናግረውም ይህ አጥር ነው።

በተግባር መሬት የነካው መልስ ከስዊድኑ ኤሪክሰን ወጣ። ጆ አርምስትሮንግና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ ለስልክ ማዞሪያ ጣቢያዎች ኤርላንግን ሠሩ። በኤርላንግ አንድ ጊዜ ዋጋ የተሰጠው ቫሪያብል አይቀየርም፤ ሥራው እርስ በርስ መልእክት ብቻ ለሚላላኩ ብዙ ትናንሽ ሂደቶች ይከፋፈላል፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ያስነሳዋል። ዋትስአፕ ሰርቨሮቹን የሠራው በዚህ ቋንቋ ነው።

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ «እንዴት» ለሚለው መልስ የሚሹ ናቸው። ምን እንደሚፈለግ ብቻ ተነግሮ እንዴቱ ለማሽኑ የሚተውበት ስልትም አለ። ኤድጋር ኮድ አይቢኤም ውስጥ ሲሠራ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃን በሠንጠረዥና በዝምድና የመያዝን ሐሳብ አቀረበ፤ በእሱ ላይ ዶናልድ ቼምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ዛሬ ኤስኪውኤል የምንለውን ቋንቋ አበጁ። «የዚህን ሳምንት ዕቁብ ያልጣሉትን አባላት ስም አምጣ» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ መዝገቡን ከላይ ይሁን ከታች እንደሚያነብ ዳታቤዙ ይወስናል። በ1972 አለን ኮልሜሮዌርና ፊሊፕ ሩሰል ማርሴይ ላይ የሠሩት ፕሮሎግ ደግሞ እውነታና ሕግ ብቻ ይቀበላል፦ አባል የሆነና የሳምንቱን ያልከፈለ ሰው ዕዳ አለበት። ማን ዕዳ እንዳለበት ሲጠየቅ ማሽኑ ከሕጉ ተነስቶ ራሱ ይደርስበታል። በነገራችን ላይ ኤክሴል ላይ ፎርሙላ የሚጽፍ የሒሳብ ሠራተኛም በዚሁ ስልት ፕሮግራም እየጻፈ ነው፤ አንዱ ቁጥር ሲለወጥ የትኞቹ እንደገና መሰላት እንዳለባቸው የሚከታተለው እሱ ሳይሆን ኤክሴል ነው።

የቋንቋ ነዳፊ ሥራ ግን ፓራዳይም በመምረጥ አያበቃም። ሳጥኑ ውስጥ ምን ይግባ የሚለው የታይፕ ጥያቄ ይከተላል። እንደ ጃቫ ያሉት ቋንቋዎች እያንዳንዱ ሳጥን የሚይዘውን ዓይነት አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ የብር መጠን በሚገባበት ስም የጻፈ ሰው ፕሮግራሙ ሳይነሳ ይመለሳል። ፓይተን ፕሮግራሙ እስኪሮጥ ይታገሳል፤ ለመጀመር ያፈጥናል፣ ስህተቱ ግን ተጠቃሚው ፊት ሊወጣ ይችላል። ሮቢን ሚልነር ኤዲንብራ ላይ በ1970ዎቹ የሠራው ኤምኤል ሁለቱን አስታረቀ፦ ፕሮግራመሩ ዓይነቱን ሳይጽፍ ኮምፓይለሩ ከአገባቡ ራሱ ይደርስበታል።

የታይፕ ጉዳይ የሊቃውንት ክርክር ብቻ እንዳይመስል አንድ ቀን ላስታውስ። በጁን 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈረንሳይ ጊያና ተተኮሰች፤ 40 ሰከንድ ገደማ ቆይታ አየር ላይ ተበታተነች። ከአሪያን 4 የተወረሰ የፕሮግራም ክፍል የሮኬቷን አግድም ፍጥነት የሚያመለክተውን ባለ 64 ቢት ቁጥር ከ32,767 በላይ መያዝ በማይችል ባለ 16 ቢት ሳጥን ውስጥ ለማስገባት ሞከረ። አዲሷ ሮኬት ከቀድሞዋ ትፈጥናለች፤ ቁጥሩ አልገባም። ቋንቋው ኤዳ ነበር፤ ስህተቱንም አውቆታል። ሲታወቅ ምን ይደረግ የሚለውን ግን ሰዎቹ ለዚያች ቁጥር አላዘጋጁም ነበር።

ቶኒ ሆር በ1965 አልጎል ደብሊው ለተባለ ቋንቋ ሲነድፍ «ምንም የለም» የሚለውን ባዶ ማመልከቻ ያስገባው ለመሥራት ቀላል ስለሆነ ብቻ ነበር። ናል የምንለው ይህ ነው። በ2009 ራሱ የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ ብሎ ጠራው፤ ባዶውን እንደ ሙሉ ቆጥረው የሚወድቁ ፕሮግራሞች ከዚያ ወዲህ ስፍር ቁጥር አልነበራቸውምና። እንደ ኮትሊንና ስዊፍት ያሉት አዳዲስ ቋንቋዎች ባዶ ሊሆን የሚችለውን ነገር በግልጽ ያስጽፋሉ፣ ሳይፈተሽም አያስነኩም። አንድ ሰው ለምቾት የወሰናት ትንሽ ውሳኔ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ በሚሊዮኖች ኮድ ውስጥ ትኖራለች፤ ቋንቋ መንደፍ ከባድ ኃላፊነት የሆነው ለዚህ ነው።

ሳጥኑ ሥራውን ሲጨርስ ማን ያስለቅቀው? ሲ ለፕሮግራመሩ ይተዋል። ፕሮግራመር ይረሳል፣ ወይም የተለቀቀውን ሳጥን መልሶ ይነካል። ማይክሮሶፍት በ2019 እንዳስታወቀው በየዓመቱ ከሚጠግናቸው የደኅንነት ቀዳዳዎች 70 ከመቶ ያህሉ የሚመጡት ከእንዲህ ያለ የሚሞሪ አያያዝ ነው። ማካርቲ ለሊስፕ የፈጠረው መፍትሔ የማይፈለገውን ሳጥን እየዞረ የሚሰበስብ ሥርዓት ሲሆን፣ ጃቫና ፓይተንም ማስለቀቁን ከፕሮግራመሩ ላይ አንስተዋል። መሰብሰቡ ግን ጊዜ ይወስዳል።

በ2015 የመጀመሪያው የጸና እትም የወጣው ረስት የተባለው ቋንቋ ሳጥኑን ማን ይቀይር፣ ማንስ ያስለቅቅ የሚሉትን ሁለቱንም ጥያቄዎች በአንድ ሕግ ለመመለስ ሞከረ። እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ሲያበቃ ሳጥኑም ይለቀቃል። መዝገቡን በአንድ ጊዜ ብዙዎች ማንበብ ይችላሉ፤ አንድ ሰው ሊጽፍበት ከያዘው ግን እሱ እስኪጨርስ ሌላ ማንም አያነብም፣ አይጽፍምም። ሕጉ መከበሩን የሚያረጋግጠው ኮምፓይለሩ ስለሆነ፣ ሁለቱ የፕሮግራም ክፍሎች ያለ ጥበቃ አንዱን 4,000 አንብበው የሚደልዙበት ኮድ ከመነሻው አልፎ አይሄድም። ጀማሪዎች ከኮምፓይለሩ ጋር መታገል ያደክማል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ግን ድካሙ ወደ ፊት ቀደመ እንጂ አዲስ አልተጨመረም። የሊኑክስ ከርነል ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ረስትን ተቀብሏል።

አጻጻፉ፣ ሲንታክስ የሚሉት፣ ብዙ ክርክር ይነሣበታል፤ እኔ ከሌሎቹ ያነሰ ክብደት እሰጠዋለሁ። ሰዋስውን በትክክል የሚገልጽ ዘዴ ለአልጎል ሲሉ ያዘጋጁት ባከስና የዴንማርኩ ፒተር ናውር ናቸው፤ ዛሬም በሁለቱ ስም ይጠራል። ለእኛ ግን እዚህ ላይ የሚነካ ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባና ፓይተን 3 የዩኒኮድ ፊደላትን በስያሜ ውስጥ ስለሚፈቅድ፣ ቫሪያብልን «ድምር»፣ ፈንክሽንን «ክፍያ_መዝግብ» ብሎ መሰየም ያለ ምንም ተጨማሪ መሣሪያ ይቻላል። በእንግሊዝኛ የሚቀሩት 35 ያህል የቋንቋው ቁልፍ ቃላትና አብረውት የሚመጡት የተዘጋጁ ፈንክሽኖች ስም ናቸው። ተማሪ ሐሳቡን በሚያስብበት ቋንቋ ሰይሞ ቢጀምር የሚከለክለው ሕግ የለም፤ መምህራን ይህን ደጋግመው ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

ዛሬ ንጹሕ የአንድ ስልት ቋንቋ ማግኘት ይከብዳል። ብሬንዳን አይክ በ1995 ጃቫስክሪፕትን በአሥር ቀን ሲሠራ ልቡ የሊስፕ ልጅ ወደሆነው ስኪም ያዘነብል ነበር፤ አለቆቹ ግን መልኩ ጃቫን እንዲመስል አዘዙት። ስለዚህ ላዩ የጃቫ፣ ውስጡ በከፊል የስኪም ሆኖ ወጣ። ጃቫ ራሱ በ2014 ላምዳን ተቀበለ። ፓይተን ከስልቶቹ ብዙዎቹን ያስተናግዳል፣ አንዱንም አያስገድድም።

ለመማር የሚነሳ ሰው የትኛውን ልጀምር ብሎ ብዙ ባይጨነቅ ይመረጣል፤ ፓይተን ወይም ጃቫስክሪፕት ይበቃዋል። ጥያቄው የሁለተኛው ነው። ጃቫ የሚያውቅ ሲሻርፕን ቢጨምር ያው አስተሳሰብ በሌላ አጻጻፍ ነው። ኤስኪውኤልን በደንብ ቢማር፣ ወይም ሃስኬልን አለዚያም ስኪምን ለጥቂት ወራት ቢሠራበት ግን ወደ መጀመሪያው ቋንቋው ሲመለስ ቫሪያብል ከመቀየሩ በፊት «ይህን መቀየር አለብኝ?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል፤ የሚጽፈው ጃቫም ከዚያ ወዲያ ሌላ ዓይነት ጃቫ ነው።